አንገቱ የሄደበት መንገድ

የእኔ እንጀራ ጥርት ያለውን ማደብዘዝ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ካርቱን እንሠራለን» ብዬ እገላገላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን የሚስለውም የሚያንቀሳቅሰውም ኪሩቤል ነው፤ እኔ መጨረሻ ላይ የምቀመጥ ነኝ። ጥንቸሉ ሲሮጥ እግሩ፣ ኳሷ ስትወረወር ኳሷ፣ ባጃጁ ሲፈተለክ ጎማው በእያንዳንዷ ምስል ላይ ወደሚሄድበት አቅጣጫ እንዲሳብና እንዲደበዝዝ አደርጋለሁ። ይህ ካልሆነ እንቅስቃሴው ቆረጥ ቆረጥ ይላል፤ ዓይን ይጎረብጠዋል። ፈረንጆቹ ሞሽን ብለር ይሉታል፤ እኛ ቢሮ ስሙ ብዥታ ነው። ሲኖር ማንም አያመሰግነኝም፤ ሲጎድል ግን ሁሉም «ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚንቀጠቀጠው?» ይላል።

ቢሮ ያልሁት ዓባይ ማዶ፣ ከመሪየም ልብስ ስፌት ቤት በላይ ያለችውን አንዲት ክፍል ነው። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ መብራት በሄደ ቁጥር የሚጮህ ባትሪ። ያን ሰሞን የያዝነው ሥራ ለሕፃናት የሚታይ የእጅ መታጠብ ትምህርት ነበር። አንድ ጥንቸል ከመጸዳጃ ቤት ወጥቶ ወደ ቧንቧ ይሮጣል፤ ታሪኩ በቃ ይኸው ነው። ወንድሜ በጠፋ በዓመቱ እኔ ቁጭ ብዬ የጥንቸል ጆሮ አደበዝዝ ነበር። ነገሩ ያስቃል፤ ግን አልሳቅሁም።

ወንድሜ ምናሴ ይባላል። ለጓደኛው ለክንዱ ሚዜ ሊሆን ዱርቤቴ ሄደ፤ በሠርጉ ማግስት «መጣሁ» ብሎ መኪና ተሳፈረ፤ ባሕር ዳር አልገባም። በዚያው ሳምንት መንገዱ ተዘግቶ፣ ኔትወርኩም ጠፍቶ ስለነበር የትኛው መኪና እንደሆነ፣ እነማን አብረውት እንደተሳፈሩ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። እናቴና እኔ መንገዱ ሲከፈት ሆስፒታሉንም፣ ፖሊስ ጣቢያውንም፣ ጸበል ቦታውንም ዞርን። የትም ስንሄድ ሰው የሚጠይቀን አንድ ነገር ነው።

«ፎቶ አላችሁ?»

ፎቶ አልነበረንም። ከሠርጉ በፊት በነበረው ክረምት ወጣት ወንድ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ይፈራ ነበር። ፍተሻ ይመጣል ይባላል፤ ማን እንደሚፈትሽ፣ ምን እንደሚፈልግ በውል የሚናገር የለም። ጎረቤት ለጎረቤት «የልጅሽን ፎቶ ከግድግዳ አውርጂ፣ ፊቱን አይወቁት» ይባባላል። እናቴ ነገር ከያዘች አትለቅም። ማውረድ ብቻ ሳይሆን አልበሙን ከነሽፋኑ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ የእኔንም የምናሴንም ስልክ አስወጥታ፣ አንድ ሳናስቀር እስክናጠፋ ድረስ ከራሳችን በላይ ቆመች። ምናሴ እየሳቀ ነበር የሚያጠፋው። «መልኬንማ አንች ታውቂው የለ እማ» አላት። መታወቂያው ከእሱ ጋር ሄዷል። ቀበሌ ስንሄድ ከፋይሉ ላይ ፎቶው ተገንጥሎ ሙጫው ብቻ ቀርቷል።

ልታድነው ብላ ነው ያቃጠለችው። ይህን እኔም ነግሬአታለሁ፣ የንስሐ አባቷም ነግረዋታል፤ አንዳችንንም አልሰማችም።

ኔትወርክ ሲመለስ ክንዱ አንድ ፎቶ ላከልን። የሠርጉ ሌሎች ፎቶዎች ከፎቶ አንሺው ጋር የት እንደደረሱ አያውቅም፤ ይህችን ግን በአንዲት እንግዳ ስልክ ላይ አገኛት። ምናሴ መሃል ላይ ቆሞ እስክስታ ይወርዳል። የሚዜ ሱሪው፣ ቀበቶው፣ ጫማው ጥርት ብሏል። ከበውት የሚያጨበጭቡት ሰዎች ፊታቸው አንድ በአንድ ይታያል። ከደረቱ በላይ ግን ምናሴ የለም። አንገቱን በወረወረበት ቅጽበት ስለተነሳ ፊቱ ከግራ ወደ ቀኝ የተሳበ ቡናማ መስመር ሆኗል፤ ጥርሱ ነጭ ክር፣ አገጩ ሁለት ቦታ፣ ዓይኑ የትም። እናቴ ስልኩን ተቀብላ አየችና የነጠላዋን ጫፍ ምራቋን አስነክታ ስክሪኑን ጠረገችው። አየችው። ደግማ ጠረገችው።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ወደ ሐይቁ ዳር እንሄዳለን። እሷ ናት «አየር ልውሰድ» የምትለው። አየር አትወስድም። ወንበር ላይ ትቀመጥና የሚያልፉትን ወጣቶች ታያለች። ፔሊካኖቹ፣ ጀልባው፣ ፎቶ የሚነሱት ሙሽሮች፣ አንዱም አይታያትም።

«ጠጉሩ እንደዚያኛው ልጅ ነበር?» አለችኝ አንድ እሑድ።

«ትንሽ ይበልጣል።»

«አፍንጫውስ? እንደዚህኛው ነው?»

«እንጃ እማዬ።»

«እንዴት እንጃ? እኅቱ አይደለሽ?» ተቆጣችና ወዲያው ድምጿ ወረደ። «ሊድያ፣ እየጠፋኝ ነው። ማታ ዓይኔን እጨፍንና እፈልገዋለሁ፤ ድምጡ ይመጣል፣ ሽታው ይመጣል፣ ፊቱ አይመጣም። ልጇን መልኩን የረሳች እናት ታውቂያለሽ?»

እኔም እየጠፋኝ እንደነበር አልነገርኋትም። ፈራሁ። ሁለታችንም ከረሳነው ምናሴ ፊት አልነበረውም ማለት ነው።

በማግሥቱ ምሳ ይዛልኝ ቢሮ መጣች። ጥንቸሉ ስክሪኑ ላይ በሩጫ መሃል ቆሟል፤ እግሮቹ ተስበው፣ ጆሮው ወደ ኋላ ፈስሶ። ሳህኑን እንደያዘች ቆመች።

«ይኸን ምን ነካው?»

«እየሮጠ ነው እማዬ።»

«ሲሮጥ እንዲህ ይሆናል?»

«አይሆንም። እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግሁት።» ኩራት ቢጤ ሳይሰማኝ አልቀረም፤ ሥራዬን ጠይቃኝ አታውቅም ነበርና። አንዷን ቁልፍ ተጫንሁ፤ ብዥታው ጠፍቶ ጥንቸሉ እስከ ጺሙ ጥርት አለ። መልሼ ተጫንሁ፤ ደበዘዘ።

«መልሽው እስኪ» አለች። መለስሁት። «እንደገና።» እንደገና አደረግሁት። ኪሩቤል ከዚያ ማዶ ሆኖ አንገቱን አውጥቶ ያየናል። እናቴ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ስልኳን ከጡቷ መሃል አወጣች፤ የክንዱን ፎቶ ከፍታ ከጥንቸሉ ጎን ያዘችው።

«እንግዲያው ይኸንም መልሽው።»

ምን ብዬ እንደማስረዳት ጨነቀኝ። «ጥንቸሉን የሠራነው እኛ ነን እማዬ። ጥርት ያለው ጥንቸል ከሥር አለ። ምናሴ ግን ከሥር የለም።»

«ልጄ የለም ነው የምትይኝ?»

«ፎቶው! ፎቶውን ነው ያልሁሽ!»

ጮኼ ነበር። ኪሩቤል ተነሥቶ ወንበር ሰጣት። «እትዬ የሻሽወርቅ፣ ይቀመጡ። እኔም ልሞክረው» አላት። ኪሩቤል ሰው ሲያለቅስ ማየት አይችልም፤ ለዚህም ነው ከደንበኛ ጋር ተከራክሮ የማያውቀው።

መጀመሪያ ፊት ያጠራል የሚባል ፕሮግራም ሞከርን። ያንን መስመር ወስዶ በደቂቃ ውስጥ ፊት አወጣ፤ ዓይን አለው፣ አፍንጫ አለው፣ ቆዳው ያበራል። ለአፍታ እሱ መሰለኝ፤ መምሰሉም አስፈራኝ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ቀረበች፤ ብዙ አየችው።

«ቆንጆ ልጅ ነው» አለች። «እናቱ አትጣው። የማን ነው?»

ኪሩቤል ፕሮግራሙን ዘጋው።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብን። ግን እናቴ ወንበሩ ላይ እጆቿን አጣምራ ስትቀመጥ፣ አፌ ዝም ማለት አቃተው። ጥንቸሉን ለማደብዘዝ ኮምፒውተሩ ጆሮው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ አለበት፤ መንገዱን ሲያውቅ በመንገዱ ልክ ይስበዋል። ተገላቢጦሹም አለ። ፊቱ በየት በኩል እንደተሳበ በትክክል የሚታወቅ ከሆነ፣ በዚያው መንገድ መልሶ ለመሰብሰብ ይሞከራል። ይህን ነው የነገርኋት። «የምናሴ አንገት በዚያች ቅጽበት የሄደበትን መንገድ ባውቅ፣ ምናልባት» አልኋት።

«ደረጃው ላይ ነይ» እንደማለት ኪሩቤል በዓይኑ ጠቀሰኝ፤ ተከተልሁት። «ምናልባት አትበያት» አለኝ። «አይሠራም። ስልክ ያነሳው ፎቶ ነው፤ እዚያ ላይ መረጃው የለም። ታውቂዋለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

ስንመለስ እናቴ ቆማ ነበር።

«የአንገቱን መንገድ ነው ያጣሽው?» አለችኝ። «እሱን እኔን አትጠይቂም? እኔ አይደለሁ ያስተማርሁት?»

እውነቷን ነው። እናቴ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ላይ ነበረች፤ የፋብሪካው በዓል ሲከበር «የሻሽወርቅን ጥሩልን» ይባላል። ምናሴን ገና ሕፃን ሳለ ፊት ለፊቷ አቁማ፣ ትከሻዋን በትከሻው፣ አገጯን በአገጩ ልክ አድርጋ ነው ያስተማረችው። እኔንም ሞክራኝ ነበር፤ «ይችስ አንገቷ የአባቷ ነው» ብላ ተወችኝ።

«ወደ ቀኝ ከመወርወሩ በፊት አገጩን ዝቅ ያደርጋል» አለች። «ትንሽ ይቆይና ነው የሚለቀው። ዱሮም ‹ቶሎ ልቀቀው› እለዋለሁ፣ አይሰማኝም። እንዲህ ነው፣ እይ።»

እዚያው በቆመችበት አሳየችኝ። አንዴ፣ ከመስኮቱ ብርሃን ፊት ለፊት፣ ያለ ምንም ሙዚቃ። ምናሴን አየሁት። ፊቱን አይደለም፤ እሱን።

ከዚያ በኋላ ኪሩቤልም አልተከራከረኝም።

ከመሪየም ቀይ የጨርቅ ቁራጭ ለምኜ አመጣሁ፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኋትም። ኪሩቤል ቁራጮቹን ግንባሯ፣ ጉንጯና አገጯ ላይ በፕላስተር ለጠፈላት፤ ካሜራው አንገቷን የሚከተለው በእነሱ ነው። እናቴ ምናሴ ከጠፋ ጀምሮ ሠርግ ቤት አልገባችም፤ ጥቁርም አልለበሰችም፣ «አልሞተብኝም» ብላ። ዘፈን ሲከፈት ከታክሲ የምትወርድ ሴት ናት። ያችው እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጠቀች፤ ስልኩን ፎቶው እንደተከፈተ ከኮምፒውተሩ ጋር አስደገፈችው።

«ምቱን ስጠኝ ኪሩቤል» አለች።

ኪሩቤል በመዳፉ ጠረጴዛውን መታ። መጀመሪያ ፈራ ተባ ይል ነበር፤ «ጠበቅ አርገው፣ ልጄ ለቅሶ ቤት አልነበረም» ስትለው ጠበቅ አደረገው። እናቴ ትንፋሿን በጥርሷ መሃል እየሳበች ጀመረች። ትከሻዋ ቀደመ፤ ከዚያ አንገቷ። እርጅናዋ የት እንደሄደ እንጃ። መሃሉ ላይ እንደ ዱሮዋ ፈገግ አለች፤ እስክስታው ራሱ ነው ያን ፈገግታ ያመጣው፣ እሷ አልጠራችውም። ወዲያው ትዝ አላት። ፊቷ ላይ ፈገግታው ሲሞት ካሜራው ቀርጾታል፤ እስካሁን አለኝ፤ ደግሜ ልከፍተው አልቻልሁም።

ከቀረጻው የአንገቷን መንገድ አወጣሁ፤ አገጭ ዝቅ፣ ቆም፣ ወደ ቀኝ ውርወራ። በፎቶው ላይ ካለው ቡናማ መስመር ጋር አስተያየሁት፤ ልክ ይመጣል። ይህ ነው ያሞኘኝ። መስመሩ በእናቴ አንገት መንገድ ላይ ቁጭ አለ። ለራሴ «እንዳትጓጊ» እያልሁ ጓጓሁ። ለኮምፒውተሩ ትእዛዙን ሰጥቼ፣ ሥራውን እስኪጨርስ ሳልነቃነቅ ተቀመጥሁ።

የወጣው ፊት አልነበረም። ድንጋይ እንደተወረወረበት ውኃ ክብ በክብ የሆነ ነገር፤ ጥቁርና ነጭ ቅርፊት። ኪሩቤል እጁን ትከሻዬ ላይ አስቀመጠ። እናቴን ልጠራት አልፈለግሁም፤ ግን ከኋላዬ ቆማ ነበር።

«ቅንድቡ!» አለች።

«የት?»

«ይኸው! ይኸ ቅንድቡ ነው! ጫፉ ላይ ቆረጥ ያለ፣ ሕፃን ሆኖ ከአልጋ የወደቀ ጊዜ! አላየሽም?»

አየሁት። አንዲት አጭር ጥቁር መስመር ናት፤ እውነትም ቅንድብ ትመስላለች። ዋናውን ፎቶ ከፍቼ አስተያየሁት። መስመሯ ከምናሴ ኋላ ቆሞ የሚያጨበጭብ ሰው የጣት ጥላ ነበረች። ኪሩቤልም አየ። ተያየን።

መናገር ነበረብኝ። እናቴ ግን ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ያችን ጥላ ትዳስሳት ነበር፤ ወንድሜ ከጠፋ ጀምሮ ፊቷ እንዲህ ሲፈታ አይቼው አላውቅም። «ቅንድቡ ከመጣ ዓይኑም ይመጣል» አለች። «አንገቴ ነው እንጅ የበደለው። ውርወራው ላይ ዘገየሁ መሰለኝ። ነገ እደግመዋለሁ።»

አልተናገርሁም። ኪሩቤልም አልተናገረም።

በማግሥቱ መጣች። ደገመችው። ያው ክብ በክብ ነገር ወጣ፤ ያችው ጥላ። በሦስተኛው ቀንም መጣች። ጥንቸሉ ብዥታው አልቆለት፣ እጁን ታጥቦ፣ ወደ ባለቤቶቹ ሄደ፤ «አሁን ነፍስ ዘራ» ብለው መልስ ላኩልን። እናቴ ግን መምጣቷን አልተወችም። ጠዋት ጠዋት ፊቷን በቫዝሊን አሽታ፣ ነጠላዋን አጥፋ ትመጣለች። ፕላስተሩ ቆዳዋን አቆሰለው። ማታ ቤት ውስጥ አንገቷን በሙቅ ውኃ እያሸች «ነገ ይሻለኛል» ትላለች። እኔ የማየው አንድ ነገር ነው፤ በደገመችው ቁጥር ምናሴነቱ እየለቀቀ፣ የደከመች የአንዲት አሮጊት እስክስታ ብቻ እየቀረ ነው። መጀመሪያ ቀን ያየሁትን ወንድሜን በዚያው ቢሮ ውስጥ እንደገና እያጣሁት ነበር። ይህንንም አልነገርኋትም። ውሸቴ ከእኔ በላይ አድጎ ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ እናቴ ከመቼውም በርትታ ነበር። ኪሩቤል ጠረጴዛውን ይመታል፤ እሷ ራሷ «እስስ፣ እስስ» እያለች ወለሉን ታንቀጠቅጣለች። ውርወራው ላይ ስትደርስ፣ ምን እንደነካት እንጃ፣ እልል አለች። ከታች የስፌት መኪናው ድምጽ ቆመ። ወዲያው ደረጃው ላይ የሩጫ ኮቴ ተሰማና በሩ ተበረገደ።

መሪየም ነበረች። ሜትሩ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ በጣቷ መርፌ ይዛለች፣ ፊቷ በእንባና በሳቅ ርሷል።

«እትዬ የሻሽ! አልሐምዱሊላህ! ተገኘ? ምናሴ ተገኘ?»

የኪሩቤል እጅ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። እኔ ወለሉን አየሁ። እናቴ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ ግንባሯ ላይ ያለው ቀይ ጨርቅ በላብ ግማሹ ተላቆ ተንጠልጥሎ፣ መሪየምን ቀና ብላ አየቻት።

«ገና ነው መሪየምየ» አለች። «ቅንድቡ ተገኝቷል።»

መሪየም አልገባትም። ወደ እኔ ዞረች። ዓይኔን ሳላነሳ ቀረሁ፤ ያኔ ገባት መሰለኝ፣ ሳቁ ከፊቷ ላይ ወረደ።

«አንገቴ ነው ያስቸገረኝ እንጅ ሌላውም ይመጣል» አለች እናቴ፤ የተላቀቀውን ጨርቅ በአውራ ጣቷ ግንባሯ ላይ መልሳ እየጫነች። «እንኳንም መጣሽ። ሠርጉ ላይ ይጨበጨብለት ነበር፣ እነዚህ ያን አላሰቡትም። ያለ ጭብጨባ አንገት አይሄድም። በይ አጨብጭቢልኝ።»

መሪየም መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰካችና እያለቀሰች ማጨብጨብ ጀመረች። እናቴ አገጯን ዝቅ አድርጋ ትንሽ ቆየች። እኔም ካሜራውን ከፈትሁት።